ታካቹ መሪ እና ያልተጻፈው መጨረሻ

«ጋሼ፣ ምን ብናደርግ ያው ነው አይደል?»

ይህን ያለችኝ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የወጣቶች ፕሮግራም ካለቀ በኋላ፣ ስድስት ልጆችና እኔ አንድ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል። እርሳሷን ወረቀቷ ላይ አጋደመችና እጆቿን አጣጠፈች። የተቆጣች አትመስልም፤ አንድ ነገር የገባት ነው የምትመስለው። ከዚያ በኋላ ተራዋ ሲደርስ «እኔም ከእነሱ ጋር እሄዳለሁ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት መጻሕፍት ነው። ሁለቱንም ያነበብኩት ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ስለሆነ ከእርሱ ጀመርኩ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። እንደ ሉዶ አራቱን ጠጠር ቀድሞ ያስገባ አሸነፈ የሚባልበት አይደለም። አንድ ሰው ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። መሪው «ከመንደሩ በር ደርሳችኋል፤ በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ልቅሶ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያቸው የሚያደርገውን ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል፤ መሪው ደግሞ የተከተለውን ይናገራል። ልጅ ሳለን አያቶቻችን ተረት ሲነግሩን «ከዚያስ?» እንል ነበር። እዚህ «ከዚያስ?» የሚለው ተራኪው ነው፤ የሚመልሱት ደግሞ ሰሚዎቹ። መሪውን በእንግሊዝኛ ጌም ማስተር ይሉታል። ከሁሉ ቀድሞ ለሽያጭ በቀረበው በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ደግሞ ስሙ ዳንጀን ማስተር ነው። ይህን ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ አሳተሙት።

ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው የሚለወጥ ታላላቆች ቢያጋጥሟችሁ አትደነቁ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ወንጌላውያን ዘንድ ጨዋታው የጥንቆላ በር ነው ተብሎ ብዙ ተብሎበታል። ጃክ ቺክ በ1984 ያወጣው «ዳርክ ዳንጀንስ» የተባለው በሥዕል የተሠራ ትራክት ያንን ፍርሃት ለብዙ ቤት አድርሷል። በዚያው ዓመት ዲክ ዉልፍ የተባለ ክርስቲያን «ድራገንሬይድ» የተባለ የራሱን ጨዋታ አወጣ፤ እዚያ ተጫዋቾቹ ጥቅስ በቃላቸው ይይዛሉ፣ ጥቅሱም በጨዋታው ውስጥ ኃይል ይሆናቸዋል። አንዱ ሸሸ፣ አንዱ ገባና የራሱን ሠራ። ስለ ጭራቆቹና ስለ አስማቱ የተነሣው ክርክር ቦታው ሌላ ነው፤ ቤተ ሰብና መሪዎች ተነጋግረው የሚወስኑት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ብዙም ያልተነሣ ነገር ነው፤ ጠረጴዛው ራስ ላይ የተቀመጠው ሰው በሌሎቹ ላይ ያለው ሥልጣን።

እኔ ምን አድርጌ ነበር? ለዚያ ቅዳሜ አሥራ አራት ገጽ ጽፌ ነበር። የአንድ መንደር ጎተራ ተዘርፏል፤ ተጫዋቾቹ ሌባውን ይደርሱበታል፤ ሌባው ወደ ዋሻ ይሸሻል፤ ዋሻው ውስጥ ፍልሚያ ይሆናል፤ እህሉ ይመለሳል፤ መንደሩ ይደግሳል። ሽማግሌው በድግሱ ላይ የሚያደርገውን ንግግር ሳይቀር ጽፌዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ያንን ክፍል ወድጄው ነበር። ልጅቷ ግን ሌባውን ገና መንገድ ላይ ስታገኘው «አላሳድደውም፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ለምን እንደሰረቀ እጠይቀዋለሁ» አለች። ዋሻዬስ? «አይመልስልሽም፤ ተነሥቶ ይሮጣል» አልኳት። «እሺ፣ በሩ ላይ ቆሜ መንገድ እዘጋበታለሁ» አለች። «አጥሩን ዘሎ ሄደ» አልኩ። ዳይስ እንኳ አላስጣልኳትም። ጥያቄዋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መልሱም «አዎ፣ ያው ነው» ነበር፤ እኔ ግን «አይ፣ እንደ ምርጫችሁ ነው» አልኳት። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተጫዋቾች እንዲህ ያለውን አመራር ከባቡር ሐዲድ ጋር ያመሳስሉታል። ተሳፋሪው በመስኮት ያያል እንጂ አይታጠፍም። ለዚህ ደግሞ ስንፍና ምክንያት አልነበረም። አሥራ አራት ገጽ የጻፈ ሰው ሰነፍ አይባልም። ብዙ በደከምኩ ቁጥር ድካሜን ለማዳን ስል የሌላውን ሰው ምርጫ እዘጋለሁ፤ የሆነው ይህ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ለእንዲህ ያለው ሰው የተጻፈ ይመስላል። ማይክል ሼይ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «ሪተርን ኦቭ ዘ ሌዚ ዳንጀን ማስተር» ነው፤ የታካቹ መሪ መመለስ እንበለው። «የሰነፉ» ልለው ነበር። ነገር ግን በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሰነፍ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጥበብ የጎደለው ነው፤ ወደ ጉንዳን የተላከው ታካቹ ነው። ሼይም ስለ ታካቹ ነው የሚያወራው፤ ሆኖም ጉንዳኗን የናቀ አይደለም። የሚለው «አትዘጋጁ» ሳይሆን «የማይጠቅማችሁን አትዘጋጁ» ነው። ሥራና ትምህርት ላለበት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የእኔ አሥራ አራት ገጽ በእርሱ መንገድ ከአንድ ቅጠል ወረቀት አይበልጥም።

ዝግጅቱን በስምንት እርምጃ ይከፍለዋል። ሁሉንም አልዘረዝርላችሁም፤ አንዳንዱ ከስሙ የሚገባ ነው፤ ጭራቅ መምረጥ፣ ሽልማት የሚሆን የአስማት ዕቃ ማዘጋጀት፣ ሊከሰቱ የሚችሉ ትዕይንቶችን በአጭሩ መጻፍ። ሁለቱ ላይ ግን መቆየት አለብኝ።

አንደኛው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፦ ስለ ታሪኩ ከማሰባችሁ በፊት የተጫዋቾቹን ገጸ ባሕርያት አንድ በአንድ አስቡ። ማን ናቸው? ምን ይፈልጋሉ? ቀላል ይመስላል። እኔ ግን በአሥራ አራቱ ገጽ ውስጥ የስድስቱን ገጸ ባሕርያት ስም አንድም ቦታ አልጻፍኩም። ያቺ ልጅ ገጸ ባሕርይዋን ስትፈጥር «ወንድሟ በስርቆት ተይዞ ከመንደር የተባረረባት» ብላ በወረቀቷ ላይ አስፍራ ነበር። ወረቀቱ ለሦስት ሳምንት እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አንብቤው ቢሆን ኖሮ ሌባውን ለምን ማሳደድ እንዳልፈለገች አይጠፋኝም ነበር።

ሁለተኛው «ምስጢርና ፍንጭ» የሚለው ነው፤ ለእኔ የመጽሐፉ ልብ ይህ ነው። ሼይ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት አሥር ያህል ምስጢሮችን፣ እያንዳንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ጻፉ ይላል። የት እንደሚገኙ ግን አትጻፉ። ማን እንደሚናገራቸውም አትወስኑ። ተጫዋቾቹ ወደ ገበያ ቢሄዱ ከነጋዴዋ አፍ ይወጣል፤ ወደ መቃብር ቢሄዱ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ያልተገኘውን ምስጢር በሚቀጥለው ሳምንት መጣል ወይም መለወጥ ትችላላችሁ፤ በጠረጴዛው ላይ እስኪነገር ድረስ እውነት አልሆነምና።

በእኔ መንደር ላይ ሞክሬው ነበር። «ሌባው እህሉን ለራሱ አልወሰደም።» «የጎተራው ጠባቂ የሚሰፍርበት ቁና ከታች ሁለት ጣት ያህል እንጨት ተለብጦበታል።» «የሽማግሌው ሚስት ስለ ቁናው ታውቃለች።» «ባለፈው ክረምት ሁለት ቤተሰብ ቤቱን ዘግቶ ተሰዷል።» አራተኛው ላይ ስደርስ ሌባዬ ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ልጅቷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ብትጠይቀው የሚመልስላት ነገር አለው። አጥር መዝለል አያስፈልገውም።

መጽሐፉን በዚህ አመሰግነዋለሁ፤ ጉድለቱን ግን መሸፈን የለብኝም። ሼይ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ለሚጫወቱ ነው የሚጽፈው፤ ከስምንቱ እርምጃ አንዱ ጭራቅ፣ አንዱ ሽልማት መሆኑም ከዚያ ነው። ሳይፋለሙ የሚያመሹ ልጆች ያሉት መሪ እነዚህን ገጾች ዘሎ ቢያልፍ ብዙ አይጎድልበትም። «ጠንካራ ጅማሬ» የሚለው ምክሩም፣ ማለት ጨዋታውን በአንድ ትኩስ ክስተት መሐል ጀምሩ የሚለው፣ እንደ እኔ ባለ ሰው እጅ ሲገባ ወደ ሐዲድ መግፊያ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የከፋው ክፍተት ግን ሰዎቹ ላይ ነው። መሪው ለሚጫወታቸው ገጸ ባሕርያት ስም ስጧቸው፣ ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ጻፉ፣ ከምታውቁት ፊልም ወይም መጽሐፍ አንድ ሰው አምሳያ አድርጉላቸው ይላል። ይህ ድምፅ ይሰጣቸዋል፤ አነጋገራቸው ወዲያው ይመጣላችኋል። ፍላጎት ግን አይሰጣቸውም። የጎተራው ጠባቂ እንዴት እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ እነዚህ ልጆች በሩን ሲያንኳኩ ከእነርሱ ምን እንደሚፈልግ ግን አላውቅም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጋይጋክስ ራሱ የጻፈው «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» የተባለው የቆየ የጀማሪዎች ጀብዱ ምሽግና ዋሻዎችን ይሰጣል እንጂ ታሪክ አይሰጥም፤ በምሽጉ ያሉት ሰዎች ስም እንኳ የላቸውም፤ ስም ማውጣቱ ለመሪው የተተወ ነው። ከ1984 ጀምሮ የወጡት የድራገንላንስ ጀብዱዎች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ። ታላቅ ታሪክ አላቸው፤ ከእነርሱም ብዙ የተነበቡ ልብ ወለዶች ተወልደዋል። ግን ዋናዎቹ ጀግኖች ለኋላ ስለሚያስፈልጉ መሪው እንዳይሞቱበት መላ እንዲፈልግ ይመከራል። አንዱ ቦታ ያለ ታሪክ፣ አንዱ ታሪክ ያለ መውጫ።

በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያገኘሁት በሁለተኛው መጽሐፍ ነው፤ በቪንሰንት ቤከር «ዶግስ ኢን ዘ ቪንያርድ»፣ እ.ኤ.አ. 2004። ውሾች በወይን ቦታ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ውሻ ስድብ ስለሆነ ርእሱ ይጎረብጣል፤ እርሱ የሚያስበው ግን የወይኑን ቦታ የሚጠብቁትን ነው። ተጫዋቾቹ በአሮጌው የአሜሪካ ምዕራብ በሚመስል ምድር የሚኖሩ ወጣት የሃይማኖት አገልጋዮች ናቸው። ከመንደር መንደር እየዞሩ ደብዳቤ ያደርሳሉ፣ ያጋባሉ፣ የተበላሸውን ያስተካክላሉ። የሚለብሱትን ካፖርት የሠሩላቸው ወዳጅ ዘመዶቻቸው ናቸው። ቤከር ያደገው በሞርሞኖች መካከል ነው፤ የጨዋታው እምነትም ከዚያ የተቀዳ እንጂ የእኛ አይደለም። ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። እርሱ ራሱም ቆይቶ ጨዋታውን ከሽያጭ አውጥቶታል።

እኔን የገረመኝ መሪው መንደር የሚያዘጋጅበት መንገድ ነው። የሚጀምረው ከትዕቢት ነው። አንድ ሰው ከሌሎቹ በላይ ነኝ ብሎ ያስባል። ትዕቢቱ በደል ይወልዳል፤ ከበደሉ ኃጢአት ይከተላል፤ ኃጢአቱን ለማጽደቅ የሐሰት ትምህርት ይመጣል፤ ካልተገታ መጨረሻው ጥላቻና ነፍስ መግደል ነው። መሪው የፈለገበት ደረጃ ላይ ሊቆም ይችላል። ቀጥሎ በመንደሩ ያለ እያንዳንዱ ሰው ከመጡት ወጣቶች ምን እንደሚፈልግ ይጽፋል። አንዱ እንዲፈርዱለት፣ አንዷ እንዲደብቋት፣ አንዱ ቶሎ እንዲሄዱለት። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ እነዚህ ልጆች ባይመጡ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ዝግጅቱ እዚህ ያልቃል። መፍትሔ አይጻፍም። ቤከር መሪውን ከዚህም በላይ ያዘዋል፤ ተጫዋቾቹ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የራሱ አስተያየት እንዳይኖረው። ሥራው መንደሩን መግለጥ ነው፤ ምስጢሩን ቆልፎ መቀመጥ አይደለም። ተጫዋቹ አንድ ነገር አደርጋለሁ ሲል መሪው ወይ «እሺ» ይላል፣ ወይ ዳይስ ያስጥላል። ሦስተኛ መንገድ የለውም። «አጥሩን ዘሎ ሄደ» የሚል ቦታ የለም።

ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው በሉቃስ 15 ያለው ታላቁ ልጅ ነው። ስለ ታናሹ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ እርሱን እንረሳዋለን። አባት ወደ ውጭ ወጥቶ ይለምነዋል፤ ይነግረዋል፤ ምሳሌው እዚያ ላይ ይቆማል። ገባ ወይስ አልገባም? አልተጻፈም። ይሰሙ የነበሩት ፈሪሳውያን ደግሞ በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። የእኔን የድግስ ንግግር ከዚህ አጠገብ ሳስቀምጠው ሳቄ መጣ፤ እኔ ብሆን ጌታ የተወውን መስመር ጽፌ፣ ታላቁን ልጅ አስገብቼ፣ አስጨፍሬው ነበር።

ቤከርን ግን ሙሉ በሙሉ አልከተለውም። በጨዋታው ግጭት ከቃል ይጀምርና ወደ ግፊያ፣ ወደ ድብድብ፣ እስከ ጠመንጃ ሊያድግ ይችላል። ወጣቶቹም በሰው ላይ እስከ ሞት የመፍረድ ሥልጣን አላቸው፤ ፍርዳቸውንም የሚሽር የለም። ለትልልቅ ሰዎች ይህ ከባድና ጠቃሚ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በእግዚአብሔር ስም ሲፈርድ፣ መሪው ደግሞ ዝም ሲል፣ እኔ በሰላም ወደ ቤቴ አልሄድም። ስለዚህ የመንደሩን አሠራር ወሰድኩ፤ ጠመንጃውን ተውኩ። በጨዋታው ጊዜ አስተያየት አልሰጥም፤ ካለቀ በኋላ ግን ሻይ እየጠጣን እንነጋገራለን፤ እዚያ እኔም እንደ ማንኛቸውም እናገራለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ የቤከር መንገድ የሚሠራው ችግር ላለበት መንደር ብቻ ነው። በረሃ ለማቋረጥ፣ የፈረሰ ከተማ ለማየት ለሚወጡ ተጫዋቾች ብዙም አይረዳም። እዚያ ሼይ ይበልጠዋል፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ስምና ሦስት የሚያስደንቅ ነገር ጻፉ የሚለው ምክሩ በአምስት ደቂቃ ይሠራል።

ሁለቱን ገዝታችሁ ማንበብ ባትችሉም ይህን መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ወረቀት ውሰዱ። ከላይ የተጫዋቾቹን ገጸ ባሕርያት ስምና እያንዳንዱ የሚፈልገውን ጻፉ። ከዚያ የመንደሩን በደል፣ ቀጥሎም የአራት ወይም የአምስት ሰው ስም፣ እያንዳንዱም ከእነዚህ ልጆች ምን እንደሚፈልግ። በጀርባው ምስጢሮቹን። ያላሰባችሁት ሰው ድንገት ሲያስፈልግ እንዳትደናገጡ አሥር ስም በጠርዙ ላይ ይኑር፤ ይህም የሼይ ምክር ነው። ስታነቡት «ከዚያ ተጫዋቾቹ...» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ሰርዙት።

ልጅቷን ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ዋሽቼሻለሁ፤ ያው ነበር» አልኳት። እናቷ ስለ ምን እንደምናወራ ስላልገባት መጀመሪያ ደነገጠች፤ ሲነገራት ሳቀች። ልጅቷ አልሳቀችም። «አሁንስ ተለውጧል?» አለች። «መጥተሽ እዪው» አልኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣች።

ያው መንደር ነው፤ ያው ጎተራ። ሌባውን አገኘችውና አጠገቡ ተቀመጠች፤ ስለ ቁናው ነገራት። ስድስቱም ጠባቂውን በሕዝብ ፊት ያቆሙታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ፤ እኔ ዝም ብዬ ሻይ ቀዳሁ። በመጨረሻ የወሰኑት፣ የቁናውን እንጨት ራሱ ጠባቂው እንዲነቅለው፣ በሥራው ላይ እንዲቆይ፣ ቁናውም ሁሉም እንዲያየው በጎተራው በር ላይ እንዲሰቀል ነበር። ሁለቱ አልተስማሙም፤ እስከ ታክሲ ድረስ እየተጨቃጨቁ ሄዱ። እኔ ብሆን አባርረው ነበር፤ ሻይ ላይ ነግሬያቸዋለሁ፤ አልተቀበሉኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደዚያው መንደር እንመለሳለን። የተሰደዱት ሁለት ቤተሰቦች ወሬውን ሰምተው እየመጡ ነው፤ ከጠባቂው ምን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ፤ ከልጆቹ ምን እንደሚፈልጉ ግን ገና አልወሰንኩም። ወረቀቴ ላይ ሰባት ምስጢር አለ። ሦስቱ እስከ ዓርብ ማታ ይቆየኛል።